ከተዘጋ ክፍል የጠፋችው ድመት

ወደ እንስሳት መጠለያ የሚደውል አዲስ አሳዳጊ አብዛኛውን ጊዜ «አልበላ አለች» ወይም «ከተደበቀችበት አልወጣ አለች» ነው የሚለው። የእኚህ ሴት ግን «ድመቷ የለችም» የሚል ነበር። ድመቷ አምስት ዓመት የሞላት ዓይን አፋር ነች። ቤቱ ልጅም ውሻም የሌለበት፣ ጸጥ ያለ። በሩም መስኮቱም ሳይከፈት ነው ከክፍሉ የታጣችው። አልጋ ሥር ታይቷል፣ ቁምሳጥኑ ተፈትሿል፣ መጋረጃው ተገልጧል።

ሴትዮዋ ሰፈሩን ሊዞሩ ጫማቸውን አድርገዋል። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ግን «አይዞዎት፣ መጀመሪያ የመጸዳጃ አሸዋውን ይዩልኝ» አላቸው። ሽንት ያጠጠረው አሸዋ ተገኘ። ምግቡ ይቀንስ አይቀንስ አላስተዋሉም። ስለዚህ ማታ 60 ግራም ደረቅ ምግብ መዝነው እንዲያስቀምጡና በሳህኑ ዙሪያ ስስ ዱቄት ነስንሰው በሩን እንዲዘጉ መከራቸው። ጠዋት ሳህኑ ላይ የቀረው 35 ግራም ነው፤ የመዳፏ ዱካ ደግሞ በቀጥታ ወደ አልጋው ይሄዳል።

በእጅ ባትሪ ሲታይ ነገሩ ገባቸው። ከአልጋው ሥር የተመታው ስስ ጨርቅ ጥጉ ላይ በጥፍር ተቀዷል፤ መሐሉ ደግሞ የሆነ ክብደት ተኝቶበት ወደ ታች ረግቧል። ቁልቁል ብቻ የሚያይ ሰው ባዶ ወለል ነው የሚታየው።

እጅ ሰዶ መጎተት እዚህ ላይ ነው ነገር የሚያበላሸው። የፈራች ድመት ትነክሳለች፤ የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ላዩ ትንሽ መስሎ ውስጡ ያመረቅዛል። አልጋውን ማዘንበልም ድመቷን ሊጨፈልቃት ይችላል። የተደረገው ይኸው ነው፦ ሁለት መውጫ ያለው ካርቶን ግድግዳ ጥግ ተቀመጠ፤ ከመጠለያው ይዛው የመጣችው፣ የራሷ ጠረን ያለበት ፎጣ ተነጠፈበት፤ ሳህኑ በየማታው ትንሽ ትንሽ ወደ ካርቶኑ ተጠጋ። ድመቷ ካርቶኑ ውስጥ መተኛት ስትጀምር የአልጋው ሥር በኮምፖርሳቶ ተዘጋ።

መጠለያው ከዚያ ወዲህ ድመት ከመስጠቱ በፊት የአልጋና የሶፋ ሥር ፎቶ ይጠይቃል። መደበቅ ለእንዲህ ዓይነት ድመት እንደ ምግብ የሚያስፈልጋት ነገር ስለሆነ መከልከል የለባትም፤ ቦታውን መምረጥ ያለበት ግን አሳዳጊው ነው። የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኋላ ይዘጋል። ወደ ኋላ የሚዘረጋ ወንበር ከክፍሉ ይውጣ፤ ብረቱ ውስጥ የገባችን ድመት ይቀጠቅጣል። አሸዋው መጠለያው ይጠቀምበት የነበረው ዓይነት ሆኖ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ከምግቧም ይራቅ።

ምግብ መመዘኑ ድመቷ ባትጠፋም ይጠቅማል። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች የእንስሳት ሐኪም ጋ ይደወል፤ በተለይ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ከጾመች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ለሞት ያሰጋታል። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ እየተመላለሰ ካማጠና ሽንት ካልወጣው ደግሞ ሳይነጋ መወሰድ አለበት።

የክፍሉ በር የሚከፈተው ሰው ባለበት መብላት ስትጀምርና ጅራቷን አቁማ ስትቀርብ ነው። ያኔም ካርቶኑ ከቦታው አይነሳም።