«ሳይስማማ አልቀረም»

አለቃችን እስክሪብቷቸውን አንስተው «ሳይስማማ አልቀረም» የሚለውን ሰረዙና ከላዩ ላይ «ተስማማ» ብለው ጻፉ። ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ። ስቱዲዮ ለመግባት ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል።

ቀኑ ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቢሯችን ያኔ ፒያሳ ነበር፣ ከጊዮርጊስ ብዙም የማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ወርኃዊው የጊዮርጊስ ዕለት ስለነበር ጠዋት ነጠላ በለበሰው ሕዝብ መሀል እየተሹለኮለኩ ነው የገባሁት። የዓድዋ ድል መታሰቢያም ሊመረቅ ጥቂት ቀናት ስለቀሩት አካባቢው በሙሉ በሥራ ተወጥሯል። የእኛ የስፖርት ፕሮግራም በየቀኑ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ይተላለፋል። ሃምሳ ደቂቃው እግር ኳስ ነው። በቀረችው ላይ አትሌቲክስ፣ ብስክሌትና ፎርሙላ ዋን ይሻማሉ። የመኪና ውድድሩን፣ ፎርሙላ ዋኑን፣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ። አሽከርካሪው ሉዊስ ሃሚልተን የመርሴዲስን ቡድን ለቆ ፌራሪ ሊገባ ነው የሚለው ወሬ የአውሮፓን መገናኛ ብዙኃን ሞልቶታል። ውድድሩን የሚከታተል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ሃሚልተን ከሰባቱ የዓለም ሻምፒዮናዎቹ ስድስቱን ያገኘው በመርሴዲስ መኪና ነው፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። ፌራሪ ደግሞ ከ2007ቱ ኪሚ ራይኮነን ወዲህ የአሽከርካሪዎች ሻምፒዮን አላፈራም ነበር። የሁለቱ መገናኘት ለዓመታት ሲወራ፣ ለዓመታት ሲከሽፍ የኖረ ነገር ነው።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነበር። ሃሚልተን ከመርሴዲስ ጋር እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የሚያቆየውን ውል መፈራረሙ የተነገረው ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ዜናውን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። «እስከ 2025» ብዬ በገዛ አፌ የተናገርኩትን በአምስት ወሩ «ትቼዋለሁ» ማለት ከበደኝ። ውሉ ውስጥ ቀድሞ ለመውጣት የሚያስችል አንቀጽ እንዳለ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሚያውቅ ሰው በእኛ ቢሮ አልነበረም፤ መርሴዲስ ራሱ የተናገረው ማታ ነው።

አመሻሹ ላይ የመርሴዲስ ሠራተኞች እንግሊዝ፣ ብራክሊ ባለው የቡድኑ ማዕከል ለስብሰባ መጠራታቸው ሲሰማ ወሬው ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሉዊስ ሃሚልተን ከ2025 ጀምሮ ለፌራሪ ለመወዳደር ሳይስማማ አልቀረም። እስካሁን ግን መርሴዲስም ሆነ ፌራሪ ያሉት ነገር የለም።»

ይህችን አነጋገር እወዳታለሁ። «ይባላል» ካልክ ኃላፊነቱን ለማይታወቅ ሰው ጥለህ ትሄዳለህ። «ሊስማማ ይችላል» ካልክ ምንም አልተናገርክም፤ ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ሊስማማ ይችላል። «ሳይስማማ አልቀረም» ግን ሚዛኑ ወደየት እንዳጋደለ ይናገራል፣ ያላየውን ፊርማ ደግሞ አየሁ አይልም። የዝውውር ወሬ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል ማንም ሊሰጠው አይችልም ብዬ አምን ነበር። እሳቸው የሰረዙት እሱን ነው።

«ጋሼ፣ ፊርማውን ያየ የለም እኮ» አልኳቸው።

«ዓለም በሙሉ ጽፎታል። አንተን ብቻ ምን ያስፈራሃል?»

«የጻፉት ‹ተቃርቧል› ብለው ነው። ‹ተስማማ› ያለ ካለ ያሳዩኝ።»

«አድማጭ የሚፈልገው ሆነ ወይም አልሆነ የሚለውን ነው። እዚህም እዚያም የሚረግጥ ሰው ሬዲዮ ላይ ምን ይሠራል?»

«ነገ ሳይሆን ቢቀር ማን ይመልሰዋል?»

«የነገ ለነገ» አሉና ወደ እግር ኳሱ ስክሪፕት ዞሩ።

«ምን ይሠራል» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስድብ አልነበረም፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እንደ ተራ ጥያቄ ነበር የጠየቁኝ፣ እኔ ደግሞ እንደ ተራ ጥያቄ መልስ አጣሁለት። ደረጃውን ስወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማይክ ስር ስቀመጥ ወረቀቱ ላይ ያለውን ትቼ የተሰረዘውን አነበብኩ። ከመስታወቱ ወዲያ አለቃችን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምንም አላሉም።

ፕሮግራሙ ሳያልቅ ቴክኒሺያኑ ስልኩን አሳየኝ። ሌላው ጣቢያ በዚያው ሰዓት «ሃሚልተን ለፌራሪ ፈረመ፤ አለቀ» ብሏል። ከሰዓታት በኋላ ፌራሪ መግለጫውን አወጣ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ሉዊስ ሃሚልተን በ2025 ቡድኑን እንደሚቀላቀልና ውሉ የበርካታ ዓመታት መሆኑን ትናገራለች። በቃ።

አርብ ጠዋት ስብሰባ ላይ «ትናንት ተቀደምን» ተባለ። ስሜ አልተጠራም፣ ሁሉም ግን ወደ እኔ አየ። «እነሱ አላወቁም፣ ገመቱ እንጂ» ብዬ ለመናገር አፌን ከፍቼ ተውኩት። ግምቱ ልክ ከሆነ በኋላ ግምት ነበር ብሎ መከራከር ምን ያህል ደካማ እንደሚያስመስል ያየ ያውቀዋል። እኔን ያበሸቀኝ መቀደሜ አይደለም። ሳያውቁ የተናገሩት ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ ሰዎቹ አዋቂ ይባላሉ፤ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ማንም አያስታውሳቸውም። አሁንም ያበሸቀኛል።

ለምን እንዲህ ጠንቃቃ እንደሆንኩ ለመናገር ወደ ሐምሌ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. መመለስ አለብኝ። የአልፒኑ አሽከርካሪ ፈርናንዶ አሎንሶ ወደ አስተን ማርቲን ቡድን እንደሚሄድ በተነገረ ማግስት አልፒን ወጣቱን ኦስካር ፒያስትሪን በእሱ ቦታ መተካቱን አስታወቀ። ይህ ወሬ አይደለም። የቡድኑ ይፋዊ መግለጫ፣ በቡድኑ አርማ የወጣ ነው። «ፒያስትሪ በ2023 የአልፒን አሽከርካሪ ነው» ብዬ ያለምንም «ሳይሆን አልቀረም» ረግጬ አነበብኩት። ወደ ቤቴ በታክሲ ስሄድ ስልኬን ከፈትኩ። ፒያስትሪ ራሱ ጽፏል፦ መግለጫው ያለ እሱ ፈቃድ ነው የወጣው፣ ከአልፒን ጋር የፈረመው ውል የለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ለእነሱ አይነዳም። አራት ኪሎ ስደርስ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲው ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።

ነገሩ ወደ ፎርሙላ ዋን የውል ዕውቅና ቦርድ ሄደ። ይህ ቦርድ የተቋቋመው በ1991 እ.ኤ.አ. ማይክል ሹማኸር ለጆርዳን አንድ ውድድር ነድቶ ወደ ቤኔቶን በሄደበት ውዝግብ ሰበብ ነው። ቦርዱ ዕውቅና የሚሰጠው ፒያስትሪ ከማክላረን ጋር ለፈረመው ውል ብቻ እንደሆነ ወሰነ። ለፍርድ የቀረበው እንግዲህ በይፋ የተነገረው ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ አለቃችን ምን እንዳሉኝ አለመናገር ነውር ነው። «መግለጫ ነው ያነበብከው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብለው በማግስቱ ማስተካከያውን ራሳቸው አነበቡት። እኔን አላስነበቡኝም። ስለዚህ ሰውየው እውነት የማይገዳቸው ናቸው ብዬ አልጽፍም። እሳቸው ከዚያ ነገር የተማሩት መግለጫም ሊዋሽ ስለሚችል መጠበቅ ዋጋ እንደሌለው ነው። እኔ የተማርኩት መግለጫም ሊዋሽ ስለሚችል በሁሉም ነገር መጠንቀቅ እንዳለብኝ ነው። አንድ ምሽት ለሁለታችን ሁለት ነገር አስተማረን።

አርብ ከሰዓት በኋላ ግን ያልጠበቅሁት መጣ። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ የቆየ አድማጫችን አለ። ፎርሙላ ዋን ያነሳን ቀን ሳይደውል አይቀርም፤ ስለ ጎማና ስለ ሞተር ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ቢሮ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ትናንት አንተን ሰምቼ ተወራርጄ ተበላሁ።»

«በምን ተወራረድክ?»

«ሃሚልተን አይሄድም ብዬ ነዋ!»

«እኔ እኮ ሳይስማማ አልቀረም ነው ያልኩት።»

«እሱንማ ሰማሁ። ግን ቃልህ ነው እንጂ ድምፅህ አልተስማማም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቅጂውን አስፈልጌ ሰማሁት። ሰውየው ልክ ነበር። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንደሚቸኩል ሰው አልፌያታለሁ። «እስካሁን ግን» ላይ ስደርስ ዝግ አልኩ፣ ተጫንኩት፤ «ያሉት ነገር የለም» የሚለውን ደግሞ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው አነበብኩት። የሚሰማኝ ሰው ወሬው ሐሰት ነው ብሎ ቢወራረድ አይፈረድበትም። ቃሉን ለማዳን ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ፣ ቃሉን በድምፄ ገለበጥኩት። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። ደረጃ ላይ የያዘኝ ንዴት ማይኩ ድረስ ተከትሎኝ ነበር። «እስከ 2025» ያልኩት እንዳይፈርስብኝም እፈልግ ነበር።

ቅጂውን ስሰማ ሌላም ነገር አገኘሁ። በዚያ ምሽት ካርሎስ ሳይንዝ የሚለውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሁም። ሃሚልተን የሚቀመጥበት ወንበር ባዶ አልነበረም፤ ሳይንዝ ነው የተቀመጠበት፣ ሙሉ የውድድር ዓመት ደግሞ ከፊቱ ነበር። የዝውውር ወሬ ሁልጊዜ ስለሚገባው ነው፣ ስለሚወጣው አይደለም። እኔም እንደ ሌላው ሆንኩ። መጋቢት ላይ ያ ሰው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሁለት ሳምንት ብዙም ሳያልፍ ሜልቦርን ላይ አሸነፈ። ያን ዕለት ፎርሙላ ዋን ከተሰጠችው ጊዜ ላይ አምስት ደቂቃ ወስጄ ስለ እሱ ብቻ ተናገርኩ። እግር ኳሶቹ ቅር አላቸው፤ አልተጸጸትኩም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የፒያሳው ሕንፃ ከአካባቢው ጋር አብሮ ፈርሷል፣ እኛ ወደ ሜክሲኮ ተዛውረናል። አለቃችንም ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደዋል። መሄዳቸውን የሰማነው ከውጭ ሰው ነው፤ በማግስቱ ጠረጴዛቸው ባዶ ነበር። ሃሚልተን ለመርሴዲሱ ኃላፊ ለቶቶ ዎልፍ መሄዱን የነገረው ዜናው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቤቱ ሄዶ ቁርስ ላይ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ባዶ ጠረጴዛ ይታየኛል።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ተራው የሬድ ቡሉ አሽከርካሪ የማክስ ቨርስታፐን ሆነ። ወደ መርሴዲስ ይሄዳል ተባለ። የመርሴዲሱ አሽከርካሪ ጆርጅ ራስል ቡድኑ ከቨርስታፐን ጋር እየተነጋገረ መሆኑን በአደባባይ ስለተናገረ ነገሩ ባዶ አልነበረም። ሐምሌ 2 ቀን ክርስቲያን ሆርነር ከሬድ ቡል ኃላፊነቱ ሲነሳ ወሬው እሳት ሆነ። «ተስማማ» ያሉ ነበሩ፤ «አለቀ» ያሉም ነበሩ። ሐምሌ 24 ቀን ቡዳፔስት ላይ ቨርስታፐን በ2026 እ.ኤ.አ. ከሬድ ቡል ጋር እንደሚቆይ በራሱ አንደበት ተናገረ። «አለቀ» ካሉት ውስጥ ተመልሶ «ተሳስቼ ነበር» ያለ አልሰማሁም።

ከዚያ በፊት፣ ወሬው ገና በጋለበት አንድ ምሽት፣ እኔ ያነበብኩት ይህን ነበር፦ «ራስል ንግግር መኖሩን ተናግሯል። ቨርስታፐን ከሬድ ቡል ጋር ያለው ውል እስከ 2028 ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።» ከመግባቴ በፊት ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው እንዳላስበልጥ ቴክኒሺያኑን እንዲያዳምጠኝ ለምኜዋለሁ።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ሶማሌ ተራው ደወለ።

«ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

«አላውቅም።»

«ድምፅህስ?»

«እሱም አያውቅም።»

ትንሽ ዝም አለ። ከበስተኋላው የሚዘጋ የሱቅ በር ይንኳኳል።

«እንግዲያው ዛሬ አልወራረድም» አለና ስልኩን ዘጋው።