የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤትና የደሴ ክረምት

የደሴ ሙዚየም ያለበት ቤት ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ስለደረሰበት ዘረፋ ብዙ ተብሏል። ስለ እርጥበት ግን የሚያወራ የለም።

እንዲህ ያለ ቤት ለሰው እንጂ ለብራና አልተሠራም። ደሴ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን ጉም ለብሳ ነው የምትከርመው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ከሰነበተ ሻጋታ ይነሣል። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቀለሙ አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የሚያስታውቀው ወፍራም ቀለም የተቀባበት ቦታ ነው፤ ጠርዙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብድግ ይላል። ያኔ አቧራ መጥረግ ቀርቶ ገጹን መግለጥም አይገባም።

መድኃኒቱ ከጣሪያ ይጀምራል፤ ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው ከቅጠል ይጸዳ። የተላጠ አሮጌ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ሲሚንቶው ውኃውን ውስጥ ያፍነዋል፤ በዓመት በሁለት ዓመቱ ልስኑ ከነጭቃው ተገንጥሎ ይወርዳል። 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ይሻላል፤ ግድግዳው ይተነፍሳል። ሥዕል በውጪው ግድግዳ ላይ የግድ ከተሰቀለ ከኋላው የቡሽ ቁራጭ ገብቶ አየር ይዙር።

ብል የገባበት ባርኖስ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ2 ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። ሲወጣ ፕላስቲኩ ለ24 ሰዓት አይከፈት፤ ቸኩሎ የከፈተ ልብሱን በጤዛ ያርሰዋል። ቀለም የተቀባ እንጨት ግን እዚያ አይገባም።