ቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል፣ ቪየና፦ ሁለት ግንብ፣ ሁለት ትኬት

ዛሬ ቪየና፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ነው የዋልነው። ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ግንቦቹን ለዩ፤ ትኬታቸው ለየብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1433 ያለቀው የደቡቡ ግንብ 136 ሜትር ይረዝማል። መውጫው 343 ደረጃ ነው፤ ጠባብና ጠመዝማዛ። ወጪም ወራጅም የሚተላለፈው እዚያው ላይ ስለሆነ ትልቅ ቦርሳ አትያዙ። ደግሞ ላይ የሚጠብቃችሁ ሰገነት አይደለም፤ በመስኮት የሚታይበት ክፍል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቅር ይለዋል። የሰሜኑ ግንብ ሳያልቅ የቀረ፣ 68 ሜትር ገደማ ነው፤ ሊፍት አለው። ጉልበቱን ለሚያመው ብቻ ሳይሆን ጣሪያውን በቅርብ ማየት ለሚፈልግም እሱ ይሻላል። 20 ቶን ገደማ የሚመዝነው ፑመሪን ደወልም እዚያው ነው።

ጣሪያው ወደ 230,000 የሚጠጋ ባለቀለም ሸክላ ለብሷል። ከሥሩ ያለው ግን እንጨት እንዳይመስላችሁ! ሚያዝያ 1945 ከአካባቢው ሱቆች የተዛመተ እሳት የመካከለኛውን ዘመን እንጨት ሙልጭ አድርጎ በላው፤ የድሮው ደወልም ወድቆ ተሰባበረ። አሁን ሸክላውን የተሸከመው ብረት ነው። ደወሉም በ1951 ከስብርባሪው ቀልጦ እንደገና ተሠራ።

የኋላው ክፍል በነጻ ይገባል፤ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ግን ትኬት ያስፈልጋል። በቅዳሴ ሰዓት ጉብኝት የለም። ምድር ቤት ያለው መቃብር የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ከዋናው በር በስተግራ ግድግዳውን እዩት። ሁለት የብረት ዘንጎች ተተክለውበታል፦ የጨርቅ ክንድ መለኪያዎች ናቸው፣ አንዱ 78፣ ሌላው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ።