ስዊዝ ሲሰፋ ለኮምቦልቻ ምን ይጠቅማል?

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ኮንቴይነር ሁሉ በስዊዝ ቦይ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ከቻይናና ከህንድ የሚጫነው ግን በህንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ቦዩን የሚያቋርጠው ከቱርክ፣ ከጣሊያንና ከጀርመን የሚመጣው ማሽንና መለዋወጫ፣ በመልሱም ወደ አውሮፓ የሚላከው ልብስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ቦዩ የ35 ኪሎ ሜትር አዲስ መስመር ሲቆፈርለት፣ ደቡባዊው ጫፍ ባለ አንድ መስመር እንደሆነ ቀረ። 400 ሜትር የምትረዝመው የኮንቴይነር መርከብ ኤቨር ጊቭን በ2021 ለስድስት ቀን የተሰነቀረችው እዚያ ነው።

ለመሰንቀሯ ምክንያት ነው ስለተባለው ነፋስ ብዙ ተወርቷል፤ የውሃው ጠባይ ግን ተረስቷል። ክረምት ላይ ቦርከና ሞልቶ ድልድይ ሥር ሲጠብበት እንዴት እንደሚፈጥን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መርከብ ስትሄድ የገፋችው ውሃ በጎንና በሆዷ ሥር ወደ ኋላ ይመለሳል። ቦታው ከጠበበ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ያኔ መርከቧ ዝቅ ትላለች። ወደ አንዱ ዳር ከተጠጋች ደግሞ ኋላዋ ወደዚያው ዳር ይሳባል፣ አፍንጫዋ ወደ ማዶ ይዞራል። መሪው እንዲታዘዝ ሞተሩን ማፍጠን ያጓጓል፤ ጥፋቱም ያ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ዝቅ ማለቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ስለዚህ ከአደጋው በኋላ በደቡባዊው መጨረሻ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ቦዩን በ40 ሜትር ለማስፋትና ጥልቀቱን ከ66 ወደ 72 ጫማ ለማውረድ የተያዘው ሥራ ተገቢ ነው። ከዚያ በስተሰሜን ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ሁለተኛ መስመር ተጨምሯል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ስዊዝ የፓናማ ቦይ ያለው ዓይነት የሚዘጋና የሚከፈት የውሃ በር ስለሌለው የቀይ ባሕር መርዘኛ ዓሣና ጄሊፊሽ ወደ ሜዲትራኒያን ይሻገራሉ። ቦዩ በሰፋ ቁጥር መንገዱ ይበልጥ ይከፈትላቸዋል፤ ቁፋሮው ሲታቀድ ይህም አብሮ መታሰብ ነበረበት።

ለአስመጪ ትልቁ ቁም ነገር ግን ቦዩ ቢሰፋም የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ የሆነው ጠባቡ ባብ ኤል መንደብ ያው መሆኑ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በተፈጸመው ጥቃት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው ሲሄዱ የእስያና የአውሮፓ ጉዞ ከ10 እስከ 14 ቀን ረዝሟል። መርከቦቹ ረጅም ጊዜ ባሕር ላይ ስለሚቆዩ ለጭነት የሚገኝ መርከብ ያንሳል፣ የቻይናው ዕቃም የመርከብ ኪራይ ይወደዳል። ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ከመክፈት በፊት ዕቃችሁን የሚያስጓጉዝላችሁን ትራንዚተር መርከቧ በየት በኩል እንደምትመጣ ጠይቁ፤ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀንና የኤልሲውን ማብቂያ በዚያው ልክ አስረዝሙ። ማሽን የሚያቆም መለዋወጫ ከሆነ ደግሞ መጋዘን ያለው ሳያልቅ፣ ከወትሮው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ።