ከእኛ በፊት ዩ ስትሪት ላይ የተጨፈረው

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ አበሻ ዩ ስትሪትን ያውቃል። ክትፎው፣ ቡናው፣ የቅዳሜ ማታው ጭፈራ እዚያ ነው። ብዙዎቻችን ሰፈሩ ከእኛ ጋር የተጀመረ ይመስለናል። እኛ ግን በብዛት የገባነው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው የዲሲ ሰፈር ኪራዩ ሲወደድብን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ታክሲ ስሠራ የለመዱኝ ባልና ሚስት አዛውንቶች ነበሩ፤ ተወልደው ያደጉት ዲሲ፣ ጥቁር አሜሪካውያን። ቅዳሜ ማታ ዳንስ አደርሳቸዋለሁ። የዳንስ ጫማቸውን በከረጢት ይዘው ነው የሚሄዱት። ሶሉ ቆዳ ነው፤ ወለል ላይ እንዲንሸራተት እንጂ አስፋልት እንዲነካ አይፈልጉም። የሚጨፍሩት ሀንድ ዳንስ ይባላል። ዋሽንግተን የራሴ የምትለው ዳንስ ነው።

ሥሩ ኒውዮርክ ነው። ሃርለም ውስጥ ሳቮይ የሚባል ሰፊ የዳንስ አዳራሽ በ1926 ተከፈተ። መድረኩ ሁለት ስለነበር አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል፤ ሙዚቃ አይቋረጥም። ጥቁርና ነጭ አብረው ይጨፍሩ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነው። ሊንዲ ሆፕ የሚባለው የጥንድ ዳንስ ያደገው እዚያ ነው። ሴቷን ወደ ላይ አንስቶ ማሽከርከር ሁሉ አለበት። ዳንሱ አገር ሲያዳርስ እያንዳንዱ ከተማ በልኩ ሰፋው። ዲሲ ዝላዩን አስቀረችው። እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ እግር ከመሬት ሳይርቅ፣ ለስለስ ብሎ መሄድ ነው። በ1950ዎቹ አር ኤንድ ቢ ከሚባለው የጥቁሮች ሙዚቃ ጋር መልክ ያዘ፤ ቀጥሎ ሞታውን የተባለው የዲትሮይት ሙዚቃ ቤት ዘፈን መጣለት።

ያኔ ዩ ስትሪት የጥቁሮች ብሮድዌይ፣ የቲያትርና የሙዚቃ ሰፈራቸው ነበር። ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፍቶ እስካሁን ቆሟል። ከጀርባው የነበረው ኮሎኔድ የሚባለው የዳንስ አዳራሽ ግን ፈርሷል። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ የሸለሙት የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተንም ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው።

ሴትየዋ ይህን ሁሉ ሲያወሩ ይስቃሉ። ቴሌቪዥን ሲነሳ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ሚልት ግራንት የተባለ ሰው ከ1956 ጀምሮ የወጣቶች የዳንስ ፕሮግራም ነበረው። ጥቁር ልጆች የሚገቡት በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ብቻ ነው። በ1963 ግን ቲናራማ መጣ፤ አቅራቢው ቦብ ኪንግ ጥቁር፣ የሚጨፍሩት ልጆችም ጥቁሮች። እስከ 1970 ቆየ። ከትምህርት ቤት ሮጦ ቴሌቪዥን ፊት መገኘት ነው፤ አዲስ እርምጃ የሚለቀመው ከዚያ ነበር።

በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ዩ ስትሪት ተቃጠለ። ሱቁም ሰዉም ሄደ። ቀጥሎ ዕፅ ገባ፣ ከዚያ ደግሞ ለሜትሮ፣ ለምድር ውስጥ ባቡሩ ተብሎ መንገዱ ለዓመታት ተቆፈረ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። እኛ የደረስንበት ርካሽ ኪራይ እንዲህ ነው የረከሰው።

አንድ ማታ እንድገባ ግድ አሉኝ። ሴትየዋ እጄን ይዘው ወለሉ ላይ አቆሙኝ። እግሬ ሳይገባው ትከሻዬ ጀመረ። «ትከሻህን መኪናው ውስጥ ትተኸው ና» አሉኝ። ባልየው በሳቅ ሞቱ።

እነሱም እንደ ብዙ የዲሲ ጥቁሮች ሜሪላንድ ገብተዋል፤ የምንሄድበት ዳንስ ቤትም እዚያው ነው። የእኛም ሰው ኪራዩ ሲከብደው ከዲሲ ውጭ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየወጣ ነው።