«ልምምዱን አልሠራም» ተብሎ ሲጻፍ

የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች በታካሚ ካርድ ላይ ከሚጽፉት ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ «ታካሚው የተሰጠውን ልምምድ አልሠራም» የሚለው ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ጥያቄውን እዚያው ይዘጋዋል። ታካሚው ቤት እግር ዘርግቶ የሚተኛበት ወለል አለ? ልጅ የሚይዝላቸው ሰው አለ? ልምምዱ ሲያማቸው ጉዳቱ የባሰ መስሏቸው ፈርተው ይሆን? የተሰጣቸውን ወረቀት ማንበብ ይችላሉ? ይህ ካልተጠየቀ ጥፋቱ ሁሉ ለታካሚው ተሰጥቶ ካርዱ ይዘጋል።

ለፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ማኅበራዊ ፍትሕንና ዘላቂነትን (አካባቢን ሳይጎዱ መሥራትን) ማስተማር ከዚህች መስመር ቢጀመር እመርጣለሁ። በብዙ ቦታ ጉዳዩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠውና ከዚያ ወዲያ ይረሳል። ተማሪ ደግሞ ማርክ የማይያዝበትን ነገር አይዝም። ስለዚህ ቦታው የምርመራ ቅጹና የተግባር ፈተናው ነው።

ብዙ የሚያስተምር አንድ መልመጃ አለ፤ የወጪ ወረቀት እለዋለሁ። ተማሪው ላዘጋጀው የሕክምና ዕቅድ ሁሉ ታካሚው የሚከፍሉትን ያሰላል። ለምሳሌ የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው ሰው በሳምንት 3 ቀን ለ8 ሳምንት ክሊኒክ መምጣት ቢታዘዝ 24 ጉዞ ይሆናል። ደርሶ መልስ 2 ሰዓት፣ ሕክምናው 45 ደቂቃ ቢፈጅ በድምሩ 66 ሰዓት ነው። አስታማሚ አብሮ ከመጣ 132 ይሆናል። የዕለት ገቢ ላለው ሰው ደግሞ 24 ግማሽ ቀን ደሞዝ ማለት ነው፤ ያውም ትራንስፖርቱ ሳይቆጠር። ተማሪው ይህን በራሱ እጅ ሲደምር ታካሚው ለምን ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ እንደቀሩ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያንኑ ዕቅድ በ4 ጉብኝት እንዲጽፈው ይደረጋል፦ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ሰዓት፣ ከዚያ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ8ኛው ሳምንት፤ በመካከል የስልክ ክትትል። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጉብኝቱን ሲቀንሱ የልምምዱንም ክብደት አብረው ይቀንሱታል። ታካሚው 8 ሳምንት ሙሉ እግራቸውን 10 ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ይከርሙና ምንም ለውጥ አይመጣም፤ ጡንቻ ካልተፈተነ አይጠነክርምና። አቅም ለሌለው ሰው የላላ ሕክምና መስጠት ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ክብደቱን ቤት ባለው ዕቃ መጨመር ይቻላል። ከወንበር መነሣትና መቀመጥን 3 ዙር፣ በየዙሩ 10 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን እንውሰድ። ለደካማ ሰው ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ አራት እጥፍ አጥፎ ከፍ ማድረግ ነው፤ 12 ጊዜ ሳይቸገሩ ሲነሡ አንድ እጥፍ ይወጣል። ብርድ ልብሱ ሲያልቅ ውኃ የተሞላ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ደረት ላይ ማቀፍ፤ 2 ኪሎ ነው። ሕመሙን በሚመለከት አንድ ግልጽ ድንበር ይነገራቸው፦ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ ከ5 ያልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት የተመለሰ ከሆነ ይቀጥሉ። ይህ ሳይነገር የቀረ ዕለት ብዙ ሰው ልምምዱን ያቆማል።

የአካባቢ ጉዳይም ያው ወረቀት ላይ ይቆጠራል። የጤናው ዘርፍ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ከ4 እስከ 5 በመቶ ድርሻ አለው። በእኛ ሙያ በኩል የጉዞው ነገር፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት ለማድረስ አንዴ ተለጥፎ የሚጣለው ኤሌክትሮድ፣ ጥቅሙ በማስረጃ ብዙም ያልተደገፈው በድምፅ ሞገድ የሚሰጠው የአልትራሳውንድ ሕክምና ከሚቀባው ጄል ጋር መታየት አለባቸው። የማይጠቅም ሕክምና ንጹሕ በሆነ ኤሌክትሪክ ቢሰጥም ብክነት ነው። ግን ስሌቱ ጭፍን እንዳይሆን እፈራለሁ። ስትሮክ ለያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልምምዱ ብዛት ወሳኝ ስለሆነ ጉብኝት መቀነስ ጉዳት ነው። እዚያ ላይ ተማሪው ሊያስብ የሚገባው አገልግሎቱ እንዴት ወደ ሰውየው እንደሚቀርብ ነው።

ስለ ዊልቸር ብዙ መናገር እፈልጋለሁ፤ ፍትሕና ዘላቂነት አንድ ዕቃ ላይ የሚገናኙበት ስለሆነ። በእርዳታ የመጣ፣ ልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ትራስ የሌለው ወንበር ፎቶ ተነሥቶ ይሰጥና ከጥቂት ወራት በኋላ ጥግ ተጥሎ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ አገልግሎቱ 8 ደረጃ አለው፤ ከቅበላና ከቀጠሮ ተነሥቶ እስከ ክትትልና ጥገና። ተማሪዎች ልኬቱን እርስ በርስ ይለማመዱት፦ የመቀመጫው ስፋት የዳሌን ስፋት ያህል፤ ጥልቀቱ ከዳሌ ጀርባ እስከ ጉልበት መታጠፊያ ካለው ልክ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ተቀንሶ።

ከዚያ የትራስ ፍተሻ። አንዱ ይቀመጣል፣ ቀና ብሎ እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ሌላው አስፈቅዶ የጣቶቹን ጫፍ ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር ያስገባል። ጣቶቹ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቁ ደህና ነው። ሳይነቃነቁ ነገር ግን በቀላሉ ከወጡ ማስጠንቀቂያ ነው። ተጨፍልቀው ለመውጣት ከታገሉ ያ ትራስ መቀመጫው ላይ ስሜት ለሌለው ሰው አይሆንም፤ ቁስል ያመጣል። ጣቱ የተጨፈለቀ ተማሪ ትራስ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ አይረሳም። ጎማ መለጠፍም ይማሩ። ብስክሌት ጠጋኝ ጋ መለዋወጫው የማይገኝ ወንበር ዕድሜው አጭር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የሰውነት ተግባር፣ የአካል ጉዳትና የጤና አመዳደብ (ICF) ታካሚው ለሚኖርበት አካባቢ ሁኔታ የራሱ ቦታ አለው፤ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ባዶ ይተዉታል። ሜትር ይዘው የሚማሩበትን ክሊኒክ መግቢያ ቢለኩ ይሻላል። ለከፍታ 1፣ ርዝመት 12 በሚለው ልክ፣ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር 3 ደረጃ 5 ሜትር ከ40 መወጣጫ ይፈልጋል። የለም? እንግዲያው ከቀጠሮ የቀረውን ታካሚ ምን እንደከለከለው ታወቀ።

አንድ ጥንቃቄ ለአስተማሪዎች። ችግረኛ ታካሚን ክፍል ፊት አቁሞ ኑሮውን ማስተረክ ትምህርት አይደለም። አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች አስተማሪ ሆነው ይምጡ፤ እንደ ማንኛውም አስተማሪ ይከፈላቸው፤ ምን እንደሚያስተምሩም ራሳቸው ይወስኑ።

በተግባር ፈተና ላይ ሙሉ ማርክ የምሰጠው ካርድ እንዲህ የሚል ነው፦ «ልምምዱን 2 ሳምንት ሠርተው አቁመዋል። ምክንያት፦ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይሠራሉ፣ ማታ ጉልበታቸው ያብጣል። ማስተካከያ፦ ጠዋት ከሥራ በፊት 2 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ፤ ወንበሩ በሁለት እጥፍ ብርድ ልብስ ከፍ ይላል። ሥራ ቦታ መቀመጫ እንዲያገኙ ለአሠሪያቸው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ፈቅደዋል። ስልክ ከ10 ቀን በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት።»