ፊልሙ ነው ወይስ ያየንበት መንገድ? የደብረ ብርሃን የፊልም ደብተር

ዓመቱ መስከረም ላይ ተከፍቶ ጳጉሜን ላይ ይዘጋል። የፊልም ደብተርም እንደዚያው ቢሆን ይመቻል፤ ጳጉሜን ለሒሳብ መዝጊያ የተሠራች ወር ናት። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ መስመር ደብተር ገጹ ላይ ስድስት አምድ ይሰመርለታል፦ ቀን፣ የፊልሙ ስም ከነዓመቱ፣ ዳይሬክተሩ፣ ርዝመቱ በደቂቃ፣ በምን እንደታየ፣ ሁለት መስመር አስተያየት። ኮከብ መስጠት ከንቱ ነው። ከሦስት ወር በኋላ "አራት ኮከብ" የሚለውን የሚያነብ ሰው ምኑን እንደወደደው አያስታውስም። "ዝናቡ ደረጃ ለደረጃ ሲወርድ" ብሎ ከጻፈ ግን ፊልሙ ሙሉውን ይመለስለታል።

ከስድስቱ ዋጋ ያለው አምስተኛው አምድ ነው፤ በምን ታየ? በስልክ፣ በቴሌቪዥን፣ በአማርኛ ድምፅ፣ በግርጌ ጽሑፍ፣ መብራት ስንቴ ሄደ። የዚህ ዓመት ደብተር ሲገለጥ "ደካማ" ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ጥፋታቸው እዚህ አምድ ውስጥ ነው የተገኘው። ፊልሙ በከንቱ ተወቅሷል።

(የፊልሞቹ ዓመት ከዚህ በታች ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ደብተር ላይ ሁለቱን ማደባለቅ ኋላ ጣጣ ያመጣል። የ2008ቱ "ጤዛ" ለምሳሌ ቬኒስ ላይ ሲታይ እኛ ገና 2000 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነበርን።)

ከ"ጤዛ" እንጀምር። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው፣ 140 ደቂቃ፤ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ (ቡርኪና ፋሶ) ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ወስዷል። ብዙ ሰው "አልገባኝም" ብሎ በመሃል ይዘጋዋል። ምክንያቱ አለው፤ ታሪኩ በሦስት ዘመን መካከል ይመላለሳል፦ አንበርብር ጀርመን የተማረበት ጊዜ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የተመለሰበት፣ ኋላም የእናቱ መንደር የገባበት። መፍትሔው አንድ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ማየት። መብራት በሚመላለስበት ምሽት ከቴሌቪዥን ይልቅ ባትሪው ሙሉ በሆነ ላፕቶፕ ይታይ፤ በመሃል ከተቋረጠ ክሩ ይበጠሳል። ከአማርኛ ሌላ ጀርመንኛና እንግሊዝኛም ስለሚነገርበት የግርጌ ጽሑፍ የሌለው ቅጂ ግማሽ ፊልም ነው። አስተያየት፦ የዓመቱ አንደኛ። ሕልሙ አንዳንዴ ይበዛል፤ እናቲቱ ዝም ብለው የሚያዩበት ትዕይንት ግን ያንን ሁሉ ይክሳል።

የዚሁ ሰው "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" (1976) ጥቁርና ነጭ ነው፣ 150 ደቂቃ፤ የተቀረጸው አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 ነው። ዘገምተኛ ነው፤ ዘገምተኛ የሆነውም እርሻ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው። በሬ ጠምዶ የማያውቅ ሰው ሊሰለቸው ይችላል፤ የሞረትና የጅሩ ሰው ግን አይሰለቸውም።

"ላምብ" የያሬድ ዘለቀ ነው፣ 2015፣ 94 ደቂቃ፤ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። እናቱን ያጣ ልጅ ዘመድ ቤት ይተዋል፤ ብቸኛ ጓደኛው በጉ ነው፣ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ሊያርደው ያስባል። መንዝ ውስጥ ይህን ፊልም የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ልጁን ሳይሆን በጉን ነው! ላቱ አጭር፣ ሱፉ ሻካራ የሆነውን የመንዝ በግ የለመደ ዓይን ሌላ ምን ያድርግ? ረድኤት አማረ ልጁን ሲጫወተው ትወና አይመስልም፤ ወጥ ሲሠራ በሚያፌዙበት ጊዜ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል። ጉድለቱ ተራራው ነው፤ መልክዓ ምድሩ በጣም ስላማረ ዳይሬክተሩ ራሱ አልፎ አልፎ ታሪኩን ትቶ ያየዋል።

"ድፍረት" (2014፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ) የጠለፋን ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ይዞት ይሄዳል፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስማቸው አሉበት። የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ትዕይንት ከፍርድ ቤቱ ይልቃል፤ ማንንም እንደ ጭራቅ አያቀርብም። መጨረሻው ግን ይቸኩላል።

አሁን ወደ ቱርኮቹ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የሚመጡ ተከታታዮች ቤት ሁሉ ገብተዋል፤ "ክፍሉ በወሬ መሃል ለምን ያልቃል?" የሚለው ቅሬታም አብሯቸው ገብቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታይ ሲሆን ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆረሰ አንዱ ክፍል ሁለትና ሦስት ይሆናል። ጸሐፊው ልብ እንዲሰቅል ያሰበው መጨረሻ በየሦስተኛው ክፍል ብቻ ይገኛል፤ ሌላው መቀስ የጣለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሦስት ክፍል አጠራቅሞ ማየት። አስተያየትም በክፍል ሳይሆን በሦስት በሦስት ይጻፍ።

የአማርኛው ድምፅ ለምን ከኮሪያና ከቱርክ ፊልም ጋር ተስማምቶ ከእንግሊዝኛው ጋር የሚጋጭ ይመስላል? ቱርክኛም ኮሪያኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ። ተዋናዩ ጥርሱን የሚነክስበት ቃልና አማርኛው የሚመታበት ቃል አንድ ቦታ ይወድቃሉ። እንግሊዝኛ ላይ ፊቱ ቀድሞ ይቆጣል፣ ቃሉ ኋላ ይደርሳል።

የግርጌ ጽሑፍ የብዙ ፊልም ገዳይ ነው። የጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ ብዙ ቴሌቪዥን አያነበውም። አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ወይ ፋይሉ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አልተቀመጠም፣ ወይ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ሁለተኛው ከሆነ ቪ ኤል ሲ በተባለው ማጫወቻ በላፕቶፕ ማየት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል የሚዘገይ ከሆነ በቪ ኤል ሲ ጂ እና ኤች የተባሉት ቁልፎች ያስተካክላሉ፤ አንድ ጊዜ መጫን የሰከንድ 20ኛ ነው፣ አንድ ሰከንድ ለማንቀሳቀስ 20 ጊዜ። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን ቁልፍ አያድነውም፤ ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ጽሑፉ ለ25 ፍሬም የተሠራ ነው። "12 አንግሪ ሜን" (1957፣ ሲድኒ ሉሜት) 96 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ስሕተት መጨረሻው ላይ 4 ደቂቃ ገደማ ይዛነፋል። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ በሚከራከርበት ፊልም አራት ደቂቃ ማለት የአንዱን ቃል በሌላው አፍ መስማት ነው። ቀላሉ መላ ሌላ ቅጂ ማውረድ ነው። ጽሑፉ ልክ ሲሆን ግን ሸንጎ የለመደ ሰው ከወንበሩ አይነሳም።

ድምፅ ጨርሶ ከሌለ ፋይሉ ዲ ቲ ኤስ በሚባል የድምፅ ዓይነት ተሠርቶ ይሆናል፤ ብዙ ቴሌቪዥን አይከፍተውም። ምስሉ ጠቁሮ ድምፅ ብቻ ከመጣ ኤች 265 በሚባል የምስል አጨማመቅ ተሠርቶ ይሆናል፣ የድሮ ሪሲቨር አይችለውም። ፊልም በፍላሽ የሚያስጭን ሰው ከመክፈሉ በፊት ኤች 264 ይበል። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ "ፍላሹ ባዶ ነው ግን አልጫን አለ" የሚባለው ይኸው ነው። በዳታ ለሚያይ ደግሞ ግምቱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚሄድ ምስል በሰዓት 900 ሜጋባይት ይበላል፣ በግማሹ ጥራት 450።

የቴሌቪዥኑ ማስተካከያም ይታይ። ሱቅ ውስጥ እንዲያብረቀርቅ የተሞላው ደማቅ ቀለም ጠፍቶ "ሲኒማ" ወይም "ሙቪ" የሚለው ይመረጥ፣ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውም ይዘጋ፤ ያለዚያ ትልቁ ፊልም ሁሉ የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል። "ፋያ ዳዪ" (2021፣ ጄሲካ በሺር) በተለይ በጥቁርና ነጭ ጭስና ጥላ ላይ የቆመ ስለሆነ በደማቁ ቢታይ ምንም አይቀርለትም። ሹክሹክታም ይበዛበታል። የገብስ ቆሎ ይዞ የሚቀርብ ሰው ካለ ሌላ ቀን ይጠራ።

የቀሩት ባጭሩ። "ፓራሳይት" (2019) 132 ደቂቃ፤ ሀብታም ላይ፣ ድኻ ታች፣ ጎርፉም ወደ ታች፤ በሐምሌ ዝናብ መሃል ሲታይ ይበልጥ ያማል። "የሰማይ ልጆች" የተባለው የማጂድ ማጂዲ የኢራን ፊልም (1997) ወንድምና እህት በአንድ ጫማ በፈረቃ ሲማሩ ያሳያል፤ የፈረቃ ትምህርት ያለፈበት ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፣ ጽሑፍ ባይኖረውም ይገባል። "ላጋን" (2001) 224 ደቂቃ ነው፤ በመሃሉ የራሱ ዕረፍት ስላለው እዚያ ቆሞ ነገ መቀጠል ነውር የለበትም። "ቸርኖቤል" (2019) አምስት ክፍል፣ በማታ አንድ፤ የመጨረሻው ክፍል ላይ የፈነዳውን የኑክሌር ማብላያ በቀይና በሰማያዊ ካርድ የሚያስረዳበት መንገድ ለፊዚክስ መምህር ይጠቅማል። "ስኩዊድ ጌም" (2021) የመጀመሪያዎቹ ስድስት ክፍሎች በቂ ናቸው፤ ጭምብል ያጠለቁት ባለጠጎች ከገቡ በኋላ ትወናው ይወርዳል።

የዲሽ ነገር፦ ኢትዮሳት ያለበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲታይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ያጋደለ፣ ከአድማስ ወደ 67 ዲግሪ ሽቅብ ነው። ወደ ናይልሳት የዞረ የድሮ ዲሽ ግን ወደ ምዕራብ በ36 ዲግሪ ገደማ ስለሚያይ ትንሽ ጎተት በማድረግ አይገኝም፤ ፈትቶ ማዞር ግድ ነው።

ጳጉሜን ላይ ደቂቃው ይደመር፣ የፊልም ብዛት አይቆጠር፤ አንድ ባለ አሥር ክፍል ተከታታይ አምስት ፊልም ያህል ጊዜ ወስዶ ሳለ እንደ አንድ ይቆጠራልና። ከዚያ በአምስተኛው አምድ "መብራት ሄደ" ወይም "ጽሑፉ ተዛነፈ" የተባለባቸው ተለይተው ለመስከረም ይዞራሉ። ዘንድሮ የዞሩት ሰባት ናቸው።